ቡላ የታሰረባቸው አሥር ቀናት

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ሳወራው ግን የራሴን ጥፋት ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው አቆይቼ በአጭሩ አልፈው ነበር። ዛሬ በጽሑፍ ሳሰፍረው ከዚያው ከጥፋቴ ልጀምር።

ከአራት ዓመት በፊት እኔ ቃሌ የማይመለስ አባት ነበርኩ። ትውልዴ ጎጃም ነው። የመሬት ልኬት ባለሙያ ሆኜ አርባ ምንጭ የተመደብኩት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው፤ ባለቤቴን መሠረትንም ያገኘኋት እዚሁ ነው። እሷ ከከተማው አጠገብ ያለችው የላንቴ ቀበሌ ልጅ ናት። ከቤተሰቧ በደረሳት የሙዝ ማሳ ዳር ቤት ሠርተን እዚያው እንኖራለን። እኔ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ፤ እሷ ሙዝና ማንጎ ሲደርስ ገበያ ታወርዳለች። ያለችን አንድ ልጅ ሶስና ናት። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር።

እኔ ባደግኩበት ቤት አባቴ ሲገባ ሁሉም ጸጥ ይል ነበር። ጥሩ አባት ማለት እንደዚያ ስለመሰለኝ ሶስናንም በዚያው መንገድ ያዝኳት። ስገባ ጨዋታዋን ታቆማለች። ስታጠፋ በኩርኩም፣ ሲብስም በቀበቶ ነበር የምቀጣት። አንድ ጊዜ ለሥራ ባልደረቦቼ "ልጄ ዓይኔን አይታ ነው የምትታዘዘው" ብዬ በኩራት መናገሬ ትዝ ይለኛል።

ቡላ የመሠረት ወንድም ከደጋው ከጨንቻ ሲወርድ በካርቶን ይዞት የመጣ ቡችላ ነው። ከእንሰት የሚወጣውን ቡላ የመሰለ ነጣ ያለ ቀለም ስላለው ስሙን ሶስና ሰጠችው። እኔ ውሻ አልወድም ነበር። "ይቆይ፤ ግን ሰው የነከሰ ዕለት እዚህ ግቢ አያድርም" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ነበር ወደ ውሻው የምትሮጠው። የተረፈውን ኩርኩፋ፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከቅጠል የሚሠራውን የአገሩን ምግብ፣ ታበርድለታለች፣ ከመዳፉ እሾህ ትነቅላለች፣ ቁንጫውን ትለቅማለች። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጊዜ ማባከን ነበር የማየው።

አንድ ቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ወደ ቀበሌያችን መጥተው የቤት ውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ እንደሚከትቡ ተነገረ። እኔ ሥራ ስለነበረብኝ ሶስና ቡላን በገመድ ይዛ እንድትሄድ አዘዝኳት። ማታ ስመለስ አስከትባው እንደሆነ ጠየቅኳት። "አዎ፣ አባዬ" አለችኝ። ማስረጃ ወረቀት ሰጥተዋት እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩም።

ነገሩ የሆነው ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጎረቤታችን አስቴር በረከት የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ አላት። ባሏ ሙዝ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ቀን ቤት የለም። በረከት የሚውለው እኛ ግቢ ነው። የዚያን ዕለት ኳሱ ተንከባልሎ ቡላ የሚበላበት ሳህን አጠገብ ቆመ። ልጁ ኳሱን ሊያወጣ ሲያጎነብስ ውሻው ክንዱን ነከሰው።

ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ሶስና የቡላን አንገት አንቃ ይዛዋለች፤ በረከት መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ከክርኑ ዝቅ ብሎ ሁለት ጥርስ ገብቶ ደም ይፈሳል። አስቴር በአጥሩ በኩል እየሮጠች መጣች። ቁስሉን በውሃ አጥበን በንጹሕ ጨርቅ አሰርነው። አስቴር ወደ ከተማ፣ ወደ ሆስፒታል ልውሰደው ስትል እኔ አረጋጋኋት።

"አትጨነቂ፣ የበረከት እናት" አልኳት። "ውሻው ተከትቧል። ሦስት ወሩ ነው። ቁስሉ ብቻ ነው የሚያመው።"

"አንተ ካልክ እሺ" አለችኝ። "አንተ የተማርክ ሰው ነህ።"

ሶስና አጠገባችን ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል፤ እኔ ስለ ውሻው የደነገጠች መሰለኝ። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ቃሌ ቃል ነውና ቡላን ከግቢው ጀርባ ካለው የማንጎ ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰርኩት። የማንጎ እርሻ ለሚጠብቁት ለአቶ ማሞም እሁድ በአሥራ አንድ ሰዓት መጥተው ውሻውን እንዲያስወግዱልኝ ነገርኳቸው። ሶስና ይህንንም ሰማች። እራት አልበላችም። "ለውሻ ብለሽ ነው የምትራቢው?" ብዬ ተቆጣኋት።

እሁድ እኔ ከቅዳሴ፣ መሠረት ከጸሎት ቤቷ ተመለስን። በረከት ክንዱ እንደታሰረ በራችን ላይ መጥቶ ሶስናን ለጨዋታ ጠራት። እሷ ግን አልወጣችም፤ በመስኮት ዝም ብላ ታየው ነበር። በኋላ መሠረት እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ "ክንድህ ያሳክክሃል? ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮህን ያምሃል?" እያለች ከመስኮቱ ሆና ትጠይቀው ነበር።

ስምንት ሰዓት ገደማ የመስኖ ተራችን ደረሰና ውሃውን ወደ ማሳው ልመልስ ወጣሁ። ቦዩን በአካፋ እየከፈትኩ ሳለሁ ሶስና በሙዞቹ መሃል መጣች። ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች። አሁን ሳስበው፣ የቆመችው እጄ በማይደርስበት ርቀት ላይ ነበር።

"አባዬ፣ ቡላ አልተከተበም።"

የሰማሁትን ስላላመንኩ ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ከዚያ ሳላቋርጣት ሁሉንም ተናገረች። በክትባቱ ቀን ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች "መርፌው መርዝ ነው፣ ውሾቹን ሊጨርሷቸው ነው" ብለዋት ነበር። ፈርታ ቡላን ይዛ እዚሁ ሙዝ ውስጥ ተደብቃ ዋለች። ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ ቤት ገብታ ተከትቧል አለችኝ። ሌላም ነገር ነበር። ውሻው ከሳምንታት በፊት አንድ ቀን ጠፍቶ አድሮ ሲመለስ ጆሮው ሥር የንክሻ ቁስል ነበረው። እሷ በጨው ውሃ አጥባ፣ እንዳላይባት ጠጉሩን በላዩ ላይ አበጥራ ደበቀችው።

"መምህራችን ይህ በሽታ አንዴ ሰው ላይ ከተነሳ አይድንም ብላናለች" አለችኝ። "በረከት እንዲሞት አልፈልግም።"

"ታዲያ ለምን ትናንትና አልነገርሽኝም?"

"ቡላን ትገድለዋለህ ብዬ።" ጨመረችም፤ "ደግሞ አንተን ፈርቼ።"

አካፋው በእጄ ነበር። ውሃው ቦዩን ሰብሮ ወደማይፈለግበት ይፈስሳል። ልጮህባት አፌን ስከፍት ልጄ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ምት ስትጠብቅ አየኋት። ልትመታ እንደምትችል እያወቀች ነው የመጣችው። የምትወደው ውሻ እንደሚሞትም እያወቀች ነው የመጣችው። እኔ ግን ትናንት አንዲት እናትን፣ በማላውቀው ነገር ላይ፣ እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ከሆስፒታል መልሻታለሁ። አካፋውን ጣልኩና ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። "ነይ" አልኳት። መጣች። ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም፤ እጇን ግን እንደያዝኩ ትዝ ይለኛል። በረዶ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው አስቴር በር ላይ መቆም ነው። በሕይወቴ ከባድ የምለው መንገድ ያ ከግቢያችን እስከ ግቢዋ ያለው ሃምሳ እርምጃ ነው። ሶስናን ቤት ቆዪ ብላትም እኔው ልንገራት ብላ ተከተለችኝ። እሷም ተናገረች። እኔም፣ ሳላጣራ ነው ያረጋገጥኩልሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። አስቴር ሁለታችንንም አየችንና ወደ ውስጥ ገብታ ልጁን በነጠላ አዘለችው፤ ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ። ለመሠረት ሁሉንም በሁለት ቃል ነግሬያት ቤት ትታ እንዳትወጣ አደራ ብዬ ባጃጅ ይዘን ወጣን።

መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። በመንገዱ ላይ አስቴር የልጁን ግንባር በየደቂቃው ትዳስሳለች። ሶስና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ወደ ኋላ አትዞርም። እኔ በልቤ ቅዱሳኑን ሁሉ እጠራለሁ። ሁለተኛው ቦታ አንዲት ነርስ ተቀበለችን፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ እናቴን የምታክል ሴት። ቁስሉን ፈትታ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እንደገና ለረጅም ጊዜ አጠበችው። ከዚያ ክትባቱ መኖሩን ነገረችን። አስቴር ግድግዳውን ተደግፋ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ነርሷ መርፌውን ስትወጋው ለምን ትናንት እንዳልመጣን ጠየቀች። ማንም ከመናገሩ በፊት "በእኔ ምክንያት ነው" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

"ውሻው የት ነው ያለው?"

"ታስሯል። ዛሬ ይገደላል።"

"እንዳይሞት!" አለች፤ መርፌውን አስቀምጣ። ረጋ ብላም አስረዳችን። ክትባቱ ዛሬ ይጀመራል፣ ምንም አይጠበቅም። ውሻው ግን ታስሮ አሥር ቀን መታየት አለበት። አሥር ቀን በጤና ከቆየ ልጁን በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ዛሬ ከገደላችሁት ግን ይህን የምታውቁበት ቀላል መንገድ የላችሁም፤ ልጁም እናቱም በስጋት ይኖራሉ።

ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ወደ መሠረት ደወልኩ፤ አታነሳም። ደገምኩ፤ አታነሳም። ሶስና እጅጌዬን ይዛ ከንፈሬን ከንፈሬን ታያለች። በአራተኛው አነሳችው።

"አቶ ማሞ መጥተዋል?"

"እዚሁ ናቸው። ጦራቸውን ይዘው ወደ ጀርባ ዞሩ። ካልተከተበማ ነገሩ ቶሎ ይለቅ ብዬ እኔው ነኝ አስቀድሜ የጠራኋቸው።"

"ሩጪ፣ መሲ። አስቁሚያቸው። ውሻው ለልጁ ያስፈልጋል።"

ስልኩ ሳይዘጋ ስትሮጥ ሰማኋት፤ በጋሞኛ ስትጣራም ሰማኋት። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ተመልሳ ስልኩን ስታነሳ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። "ቆሙ" አለች። ሶስና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ። ሁላችንም ዶክተር ነው የምንለው። ከግቢው ጀርባ ለብቻው የታሰረውን ቡላን ከሩቅ አየና ትእዛዝ ሰጠን፤ ማንም እንዳይጠጋው፣ ምግብና ውሃው በረጅም ቀርከሃ እየተገፋ እንዲሰጠው፣ ባሕርይው ከተለወጠ ወዲያው እንድንደውልለት። ሶስና አንድ ደብተር አወጣችና ቀኖቹን ጻፈች። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ ታየዋለች፤ በላ፣ ጠጣ፣ ጮኸ፣ ተኛ እያለች ትመዘግባለች። ቡላ ለምን እንደማትቀርበው ስላልገባው ባያት ቁጥር ሰንሰለቱን ይጎትታል። እሷም ከርቀት ታወራዋለች። "ለበረከት ብለህ ታገስ" ስትለው ሰምቻለሁ።

አስቴር አላናገረችንም። በረከትን ለተከታዩ ክትባት ስትወስደው ባጃጁን እኔ አቆምኩላት፤ ገባች፣ ግን ዓይኗን አላነሳችም። ልፈርድባት አልቻልኩም።

እስከ አምስተኛው ቀን ቡላ ደህና ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት መሠረት በጣም ቀስ ባለ ድምፅ ጠራችኝ። ውሻው በጎኑ ተኝቷል። ማታ የተሰጠው ምግብ አልተነካም። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ሞላ ነው። አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ለሃጩ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ስንጠራው ጭንቅላቱን አላነሳም።

ለዶክተሩ ደወልኩ፤ ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ለሥራ ሄዷል፣ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አይደርስም። ማንም እንዳይቀርብ አስጠንቅቆ ዘጋ። ከአጥሩ ማዶ አስቴር ቆማ ታየናለች። ለሃጩንም አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ዞራ ገባች። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልደብቅም፤ የበረከትን ቀብር ነው ያሰብኩት።

ሶስና ግን አልሄደችም። በተለመደው ቦታዋ፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ ደብተሯን ይዛ ቁጢጥ አለች። ቤት እንድትገባ ብነግራትም "ትንሽ ልየው፣ አባዬ" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎትቼ አስገባት ነበር። ተውኳት። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ የላንቴ ረፋድ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየች፤ ከዚያ ጠራችኝ።

"አባዬ፣ ሰንሰለቱን እየው።"

አየሁ። ምንም አልታየኝም።

"ግንዱ ላይ ተጠምጥሟል። ሌሊት ሲዞር ሲዞር አጥሮበታል። የዛፉ ጥላ በወዲያኛው በኩል ወድቋል፤ እዚያ መድረስ አይችልም። ውሃውም ጋ አይደርስም።" በጣቷ እየጠቆመች ለካች። "ውሃ እምቢ አላለም። አልደረሰበትም።"

እኔ መሬት የምለካ ሰው ነኝ። ሥራዬ ርቀት ማየት ነው። ስድስቱን ቀን ስመለከት በሽታ ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ያንን ፈልጌ ያንን አገኘሁ። እሷ የፈለገችው ውሻውን ነበር።

ቀርከሃውን አምጥቼ ሳፋውን ቀስ እያልኩ ወደ አፉ ገፋሁት። ቡላ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አፍንጫውን አነሳ፤ አሸተተ። ጠጣ። ሳፋው ግርጌው እስኪታይ ድረስ ምላሱን እያስጮኸ ጠጣ። እኔ ጎልማሳው ሰው ቀርከሃውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሁለተኛ ሳፋ ገፋንለት፤ በሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች ላይ አሮጌ ሸራ አስረን ከርቀት ጥላ አቆምንለት። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሲደርስ ቡላ ተነስቶ ኩርኩፋውን እየበላ ነበር። ዶክተሩ ረጅም ሰዓት አየው፤ በውሃ ጥምና በሙቀት ተጎድቶ እንደነበር ነገረን። ሰንሰለቱን በጥንቃቄ በዘንግ አስፈታልን። ግን አሥሩ ቀን ሳይሞላ ደስ እንዳይለን አስጠነቀቀ።

ሰባተኛው ቀን አለፈ። ስምንተኛው። ዘጠነኛውም።

በአሥረኛው ቀን ዶክተሩ ጠዋት መጥቶ ቡላን አስነሳው፣ አስሮጠው፣ ውሃ ሲጠጣ አየው። የሶስናን ደብተርም ጠይቆ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበ። ዘግቶ ሲመልስላት "ውሻሽ ጤነኛ ነው" አላት። ወዲያውኑ ክትባቱን አዘጋጀ። ሶስና አንገቱን አቅፋ ይዛው ተከተበ። አሥር ቀን ያልነካችው ውሻ ፊቷን በሙሉ ሲልስ መሠረት ሳቀች፤ ዶክተሩም ሳቀ።

አስቴር በአጥሩ በር በረከትን በእጁ ይዛ ቆማ ነበር። ገባች። በቀጥታ ወደ ሶስና ሄዳ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"በሷ አንድም ቀን አልተቆጣሁም" አለችኝ። "የተቆጣሁት ባንተ ነው። ልጅ አባቷን ፈርታ አንድ ሙሉ ቀን ዝም አለች። ያ ቀን ልጄን ሊያሳጣኝ ይችል ነበር።"

"እውነትሽን ነው" አልኳት። እሷም፣ ተቀመጪ ሳንላት፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ምሳ አብረን በላን። በረከት ክትባቱን በሙሉ ጨረሰ፤ ዛሬ አሥር ዓመቱ ነው፤ ክንዱ ላይ ሁለት ትናንሽ ጠባሳዎች አሉት፤ ለማየት ለጠየቀው ሁሉ ያሳያል። እየበላ ያለ ውሻ እንደማይነካም ለታናናሾቹ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ውሻ ለልጆች ኃላፊነት ያስተምራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔ ግን ያየሁት ከዚያ ይበልጣል። ልጄ መናገር ከማይችል ፍጥረት ጋር ስላደገች ሰው ሳይነግራት ማየትን ተምራለች። የምትወደውን ልታጣ እንደምትችል እያወቀች ለሌላ ሰው ሕይወት እውነት መናገርን ተምራለች። አሥር ቀን እጇን ሰብስባ መውደድን ተምራለች፤ ይህን የኔ ዕድሜ ሰዎችም የምንችለው ጥቂቶች ነን። እሷ ይህን ስትማር እኔ ቁጣዬ ታዛዥ ልጅ ሳይሆን የምትደብቅ ልጅ እንዳሳደገልኝ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ እጄን አንስቼባት አላውቅም። ድምፄ አንዳንዴ ከፍ ይላል፤ ራሴን ቅዱስ አላደርግም።

ዕድለኛ ነኝ። ነርሷ ያን ጥያቄ ባትጠይቅ፣ መሠረት ስልኩን ባታነሳ፣ አስቴር ልቧን ብትዘጋብን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሶስና ያን ቀን ወደ ሙዙ ማሳ ባትመጣ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። ሁሉንም ስማቸውን እየጠራሁ አመሰግናለሁ። ለውሻም ምስጋና ይገባል ከተባለ ለቡላም።

ባለፈው ወር ሶስና የሒሳብ ፈተና ወድቃ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ በረንዳው ላይ አገኘችኝ። ወረቀቱን ዘርግታ ሰጠችኝና፣ ሳትርቅ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።